«አንቲባዮቲክ ለምን አላመጣሽልንም?»

ለእረፍት መጥቼ ቱሉ ዲምቱ እህቴ ቤት ነኝ። ከትናንት ወዲያ ቡና ላይ አንዲት አራስ ጎረቤታችን «ጀርመን መድኃኒት እንደ ልብ አይደል? አንቲባዮቲክ ለምን አላመጣሽልንም?» አለችኝ።

እንደ ልብ! እዚያ ያለ ማዘዣ አንዲት ፍሬ አይሸጡልሽም። የእኛም ሕግ ያው ነው፤ ግን የሰፈር ፋርማሲ ስንቱ ማዘዣ ይጠይቃል?

የስድስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጠሮዬ ራቀብኝና ከአገር ቤት ይዤው ከሄድኩት ዶክሲሳይክሊን ከሚባል አንቲባዮቲክ ሁለት ዋጥኩ። በኋላ ለሐኪሟ ነገርኳት።

«ማን አዘዘልሽ?»

«እህቴ።»

«እህትሽ ሐኪም ናት?»

አስተርጓሚዋ ሐበሻ ነበረች። ይህን ስትተረጉምልኝ ፊቴን ማየት አቃታት። የአገሬ ልጅ ፊት እንደዚያ ማፈሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ የፅንሱ ጥርስና አጥንት ውስጥ ይገባሉ፤ የልጁን ጥርስ ቀለም ያበላሻሉ አለችኝ። በሁለት ፍሬ አትጨነቂ ብትለኝም ልጄ ጥርስ እስኪያወጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዝም ብሎ መተዉም ደግ አይደለም። በእርግዝና የሽንት ኢንፌክሽን ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ሽንቴ ተመርምሮ ፎስፎማይሲን ታዘዘልኝ፤ 3 ግራም ዱቄት፣ በውሃ ተበጥብጦ አንዴ ብቻ የሚጠጣ። ጀርመኖች ለሌላው ሁሉ ሻይ ጠጪ ይሉሻል፣ እኛ ዳማከሴ እንደምንለው። በጉንፋን ግን እውነታቸውን ነው፤ ቫይረስን አንቲባዮቲክ አይነካውም።

ወደ አራሷ ልመለስ። ለካ ጡቷ አብጦ ክሎክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዞላታል። መድኃኒቱ ልጄን ይጎዳዋል ብላ ማጥባት አቁማ የዱቄት ወተት ትገዛለች፣ በዚህ ኑሮ! ክሎክሳሲሊንም አሞክሲሊንም ወደ ወተት የሚያልፉት በጣም በትንሹ ነው። የልጁ ሆድ ትንሽ ይላላ ይሆናል እንጂ ማጥባት አያስቆሙም። ያበጠ ጡት ደግሞ ወተቱ ካልወጣ ይብስበታል። በነጋታው ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ፤ ነርሷም ያንኑ ነገረቻት። ማታውኑ አጠባች።

ውጭ ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመራችሁ እህቶቼ፣ ሽሮና በርበሬውን ጫኑ፣ ካፕሱሉን ግን ተዉት። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን ጽፋችሁ ያዙ፣ ለሐኪም አሳዩት። ጀርመን የምትሄዱ ደግሞ ቋንቋው እስኪገባችሁ ሁለት ነገር ሸምድዱ፤ «ኢሽ ቢን ሽቫንገር» እርጉዝ ነኝ፣ «ኢሽ ሽቲለ» አጠባለሁ። ፋርማሲ ስትገቡ ከሰላምታው ቀጥሎ እሱን በሉ።