ሬዲስን በመብራት መጥፋት መፈተን፦ የ3ኛው ሳምንት ማስታወሻ

እስካለፈው ሳምንት የተለካው የሬዲስ (ዳታን ሚሞሪ ላይ ይዞ የሚሠራ ዳታቤዝ) ፍጥነት ብቻ ነበር። ጎንደር ላይ መብራት ሳይነግር ይሄዳል። ስለዚህ ማራኪም ሆነ አዘዞ ለሚቀመጥ ሰርቨር ቀድሞ መልስ የሚሻው ጥያቄ «መብራት ሲመጣ ምን ተርፎ ይገኛል?» የሚለው ነው።

ፍጥነቱን በአጭሩ። ከሬዲስ ጋር የሚመጣው ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ካልነካካችሁት በ50 ደንበኞች 100,000 ጥያቄ ይልካል፤ የሚጽፈው ዳታ ግን 3 ባይት ብቻ ነው። የእናንተ መዝገብ 1 ኪሎ ባይት ከሆነ መጠኑን 1,024 አድርጉት። ቁልፎቹንም በዘፈቀደ እንዲቀያይር እዘዙት፤ አለዚያ አንዱኑ ቁልፍ ይደጋግማል። ደርሶ መልሱ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ በሚፈጅ ኔትወርክ 50 ደንበኞች ተራ በተራ እየጠበቁ ከላኩ በሰከንድ ከ100,000 አያልፉም (50 ሲካፈል ለ0.0005)። ውጤቱ እዚያ ጋ ከቆመ የለካችሁት ኔትወርኩን ነው።

አስተማማኝነትን ብዙዎች የሚፈትኑት ፕሮሰሱን (እየሮጠ ያለውን የሬዲስ ፕሮግራም) ወዲያው በሚገድለው የሊኑክስ ትዕዛዝ በኪል 9 ገድለው ነው። ይህ ያታልላል! ሬዲስ ወደ ኤኦኤፍ ፋይሉ (እያንዳንዱን ጽሑፍ በተራ ወደሚመዘግብበት) የጻፈው ዳታ ፕሮሰሱ ቢሞትም ሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) እጅ ላይ ስላለ ዲስክ መድረሱ አይቀርም። መብራት ሲሄድ ግን ከርነሉም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ያዙ፤ ዩፒኤሱን ትታችሁ በቀጥታ ዲቫይደር ላይ ሰኩት። ዲስኩ ላይ የምትሳሱለት ፋይል አይኑር። ከላፕቶፕ 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር የሚጽፍ ስክሪፕት አስነሱ፤ ሬዲስ «ኦኬ» ያለውን ቁጥር ብቻ ላፕቶፑ ይመዝግብ። 30 ሰከንድ ያህል ከሮጠ በኋላ ዲቫይደሩን አጥፉት። ዴስክቶፑ ሲነሳ ሬዲስ ውስጥ ያለውን የመጨረሻ ቁጥር ከላፕቶፑ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ «ደርሶኛል» ተብሎ የጠፋው ዳታ ነው።

ኤኦኤፍ ካልተከፈተ ያለው ስናፕሾት (በየተወሰነ ጊዜ የሚነሳ የዳታው ሙሉ ቅጂ) ብቻ ነው። ሰርቨሩ እንደተነሳ የተጀመረ የ30 ሰከንድ ሙከራ ጨርሶ ይጠፋል፤ በነባሪው ቅንብር 60 ሰከንድ ሳይሞላ ስናፕሾት አይነሳምና። ኤኦኤፍ ተከፍቶ በየሰከንዱ ዲስክ ላይ እንዲያረጋግጥ ከተደረገ የሚጠፋው የ1 ሰከንድ ያህል ነው፤ ዲስኩ ሲንቀረፈፍ ወደ 2 ሊደርስ ይችላል። የሚያረጋግጠው በእያንዳንዱ ጽሑፍ ከሆነ ምንም መጥፋት የለበትም። ከጠፋ ዲስኩን ጠርጥሩ፦ አንዳንድ ርካሽ ኤስኤስዲ ዳታው ገና በራሱ ጊዜያዊ ሚሞሪ እያለ «ጽፌያለሁ» ይላል። በዚህ ቅንብር እያንዳንዱ መልስ ዲስኩን ስለሚጠብቅ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ቤንችማርኩን እንደገና ማስኬድ ግድ ነው።

አንድ አደጋ አለ። ዳታ ባለበት ሬዲስ ላይ ኤኦኤፍን በኮንፊግ ፋይል ብቻ ከፍታችሁ ሪስታርት እንዳታደርጉ። ሲነሳ ስናፕሾቱን ትቶ ኤኦኤፉን ስለሚፈልግ ባዶውን ይነሳል። ስናፕሾቱን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ቅዱ፣ ከዚያ ሬዲስ እየሠራ ሳለ በኮንፊግ ሴት ትዕዛዝ ኤኦኤፉን ክፈቱት፤ ፋይሉን ጽፎ እስኪጨርስ ጠብቃችሁ ኮንፊግ ፋይሉን አስተካክሉ።