ዘረ መልን መቀስቀስ፦ መቼ እና በምን ያህል?

ደሴ ውስጥ ማይክሮባዮሎጂ ለሚማሩ ልጆች ስለ ዘረ መል ምሕንድስና ሳስረዳ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዘረ መሉን ባክቴሪያው ውስጥ ካስገባን በኋላ፣ ፕሮቲኑን ከመጀመሪያው አንሥቶ ለምን አያመርትልንም?» ባዕድ ፕሮቲን ማምረት ለባክቴሪያው ከባድ ሸክም ነው። ገና ሳይበዛ ማምረት ከጀመረ እድገቱ ይጓተታል፤ ፕሮቲኑ ጎጂ ከሆነ ደግሞ ዘረ መሉን የጣሉት ሕዋሳት ፈጥነው ተራብተው ብልቃጡን ይሞሉታል። ስለዚህ አስቀድሞ እንዲራባ፣ ከዚያም በኬሚካል ተቀስቅሶ እንዲያመርት ይደረጋል።

ስልቱ የተወሰደው ለዚህ ሥራ በብዛት ከምንጠቀምበት ባክቴሪያ፣ ከኢ. ኮላይ፣ ከራሱ ጠባይ ነው። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች ፍራንሷ ዣኮብ እና ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳብራሩት፣ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር በሌለበት ጊዜ አንድ ከልካይ ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ የዘረ መሉን ንባብ ያግዳል። ላክቶስ ሲገባ ከፊሉ ወደ አሎላክቶስ ይለወጥና ከልካዩን ይዞ ቅርጹን ስለሚቀይረው፣ ከልካዩ ዲኤንኤውን ይለቃል። በቤተ ሙከራ የምንጠቀምበት አይፒቲጂ የተባለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ባክቴሪያው ግን ሊፈጨው ስለማይችል መጠኑ አይቀንስም።

ብዙዎች የባክቴሪያውን ብዛት የሚጠቁመው የፈሳሹ ድፍርስነት በመለኪያው 0.6 አካባቢ ሲደርስ፣ በልማድ ብቻ፣ 1 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) አይፒቲጂ ይጨምራሉ። እኔ ይህን አልደግፍም፤ ብዙ ጊዜ 0.1 ሚሊሞላር ይበቃል። ምርቱ ሲጣደፍ ፕሮቲኑ በወጉ ሳይታጠፍ ይጓጉልና የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። መፍትሔው መጠኑን መቀነስ እና ሙቀቱን ከ37 ዲግሪ ወደ 18 ወይም 20 አውርዶ ማሳደር ነው፤ በዚህ ረገድ የደሴ ብርድ ባለውለታችን ሲሆን፣ ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ ላይ ግን ማቀዝቀዣ ያለው የብልቃጥ ማወዛወዣ ያስፈልጋል።

ለማስተማሪያ ቤተ ሙከራ ከሁሉም የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪው ዊልያም ስተዲየር ያሳተመውን፣ ባክቴሪያው በራሱ ጊዜ የሚቀሰቀስበትን ዘዴ ነው። በመቶኛ 0.5 ግሊሰሮል፣ 0.05 ግሉኮስ እና 0.2 ላክቶስ ባክቴሪያው በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ አንድ ላይ ይገባሉ። ግሉኮሱ እስኪያልቅ ድረስ ላክቶሱ ሥራ አይጀምርም፤ ሲያልቅ ባክቴሪያው ራሱ ወደ ላክቶሱ ይዞርና ዘረ መሉ ይቀሰቀሳል። ድፍርስነት እየለካ የሚያመሽ ሰው አያስፈልግም፤ ላክቶስ ደግሞ ከአይፒቲጂ እጅግ ይረክሳል። ምርቱ የተጀመረበት ሰዓት በትክክል መታወቅ ያለበት ሙከራ ሲሆን ግን እኔም ወደ አይፒቲጂ እመለሳለሁ።