ኪራይ የማይጨመርበት ቤት፦ ከአዳማ እስከ አዋሽ

አክስቴ ድሬዳዋ ስለምትኖር የአዋሽን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ እል ነበር። በአውቶቡስ መስኮት ግን ምንም አይታወቅም። ሹፌሩ የሚቆመው የእሱ ደንበኛ የሆነ ምሳ ቤት ጋ ነው። ሌላውን ሁሉ እንደተኛን እናልፈዋለን። መንገዱ ዳር ያለው ነገር የሚታየው መቆም የሚችል ሰው ሲሆኑ ነው።

ባለቤቴ ላሜራ ሠሪ ነው። አንድ አሮጌ ሚኒባስ በርካሽ አገኘና የኋላ ወንበሮቹን ነቃቅሎ ጣለ። በኮምፔንሳቶ አልጋ ሠራበት፤ ከአልጋው ሥር መሳቢያ አወጣለት። ፖርቶ ባጋሊዮው ላይ የውሃ ጀሪካኖች አሰረ። ቡታጋዝ፣ ጀበና፣ መጋረጃ፣ አንድ ባትሪ ለመብራት። ማቀዝቀዣ የለም፣ ሽንት ቤትም የለም። ፈረንጆቹ እንደሚነዱት ያለ ነገር ያሰበ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝ። ጎረቤቶቻችን ግን ስም አወጡለት፦ ኪራይ የማይጨመርበት ቤት።

ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ልጆቹንና አባዬን ይዘን ተነሳን። አባዬ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። መንገድ የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በጣቢያ ነው። ከወለንጪቲ በኋላ አስፋልቱን ትቶ በአሮጌው ሐዲድ ብቻ ነው የሚያወራው። «እዚህ ጋ ባቡሩ ያቃስታል» ይላል፤ ዛሬ ግን የሚያቃስተው ተሳቢ የሚጎትት የጅቡቲ መኪና ነው። በዚህ መስመር መንዳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፊት ቦቴ፣ ከኋላ ጡሩንባ የሚነፋ አይሱዙ። ባለቤቴ ዳር ይዞ ሁሉንም ያሳልፋል። የሚቸኩል ሰው አልጋ ጭኖ አይሄድም።

መተሐራ ልንገባ ስንል መሬቱ በአንዴ ይጠቁራል። በአውቶቡስ ሳልፍ የተቃጠለ ደን ይመስለኝ ነበር። ወርደን ሄድንበት። ከፈንታሌ ተራራ ፈሶ የረጋ ቅልጥ ድንጋይ ነው፤ የፈሰሰውም እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ነው። በዓለት ዕድሜ ትናንት ማለት ነው። ላዩ የተሰባበረና ስለታም ነው፤ በነጠላ ጫማ አይሞከርም። ስንጥቁ ውስጥ ትንንሽ ሣር መብቀል ጀምሯል። ትልቁ ልጄ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ስባሪ አግኝቶ ሲያመጣ አባዬ ወዲያው «ባልጩት ነው፣ እጅህን እንዳይቆርጥህ» አለው። ልጅ ሳለ እናቱ ጭንቅላቱን በባልጩት ትላጨው እንደነበር ነገረው። ልጄ አላመነም። ጫፉን በጥፍሩ ነካ አደረገና አመነ።

ለእኔ የጉዞው ምርጡ ቦታ ይህ ነው። በኋላ ያየነውን የአዋሽ ፏፏቴንም ጨምሬ ነው የምለው። መግቢያ አይከፈልበት፣ ሰሌዳ የለው፣ ቡና የሚሸጥበት የለ። አንድ ምልክት እንኳ ቢተከልለት ስንት ሰው ይቆም ነበር!

እዚያው አጠገብ በሰቃ ሐይቅ አለ። ይህ ሐይቅ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ይበልጣል። ሌላው ሐይቅ ሲደርቅ ይህኛው ሰው እያፈናቀለ ያድጋል። ከሥር የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃና በአካባቢው ካለው መስኖ የሚሰርገው ውሃ እንደሚያሳድጉት ይነገራል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አይሆንም። አባዬ መኪናውን አስቁሞ ሐዲዱ የነበረበትን በእጁ አሳየን። ውሃው እየገፋ ሲመጣ መንገዱንም ሐዲዱንም ከፍ ማድረግ የግድ ሆኖ ነበር። «እኛ አፈር እንጨምራለን፣ እሱ ውሃ ይጨምራል» አለ። የደረቁ ግራሮች አሁንም ውሃው መሐል ቆመዋል። ጫፋቸው ላይ ወፎች ያርፋሉ።

መሬቱ አሁንም አላረፈም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ቤታችን ድረስ ብርጭቆ ያንጫጫ ነበር። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ከሰል የምትሸጥ አንዲት እናት ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃት «እንቅልፍ አልነበረም» ብላ ዝም አለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

መተሐራ ላይ ጎሚስታ ጋ ቆምን፤ የግራር እሾህ የኋላ ጎማችንን በስቶት ነበር። ጎሚስታው እሾሁን በፒንሳ ነቅሎ ለማስታወሻ ሰጠን። የጣት ርዝመት አለው። እስኪጨርስ የግመል ወተት ጠጣን። ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ አባዬ ደገመ።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በር ከመተሐራ ብዙ አይርቅም። መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመደበልንና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ቤታችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ጸጥ በሉ» አለን። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ላይ ሣሩ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሳላዎቹ፣ አጋዘን መሰሎቹ የዱር እንስሳት፣ ከሩቅ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለም፣ ከላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች። በጎን ሲቆሙ ቀንዱ አንድ ብቻ ይመስላል። ትንሿ ልጄ «ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ!» ብላ ጮኸች፤ ጸጥታው እዚያ ላይ አበቃ። አንዱ ወንድ ቀና ብሎ አየንና ጆሮውን ብቻ አራገበ። ከሳላዎቹ ጎን ከብቶችም ይግጣሉ። ጎብኚዎች በዚህ ሲያማርሩ እሰማለሁ። የአካባቢው ከብት አርቢዎች ከረዩዎቹ ግን ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት እዚያው ነበሩ። ከብቶቹን ውሃ የት ያጠጧቸው?

ከሰጎንና ከከርከሮ ሌላ ብዙ አላየንም። አንበሳ ጠብቆ የሚሄድ ሰው ይከፋዋል። ፏፏቴው ጋ ግን ዝንጀሮዎቹ ሙሉ ቀን ያስቆማሉ። ስካውቱ እንደነገረን ከፏፏቴው በላይ በኩል ያለው ዓይነት ሌላ፣ ወደ ታች ገደሉ ውስጥ የሚያድረው ደግሞ ሌላ ነው። የታችኞቹ ወንዶች ብርማ ጎፈር አላቸው። ሁለቱ እዚህ መሐል ላይ ተገናኝተው ይዋለዳሉ። ተመራማሪዎች ለዚህ ብለው ለአሥርት ዓመታት ተመላልሰዋል። አንዱ ክልስ ዳቧችንን ከመስኮት አንሥቶ ሄደ። ክልስነቱን ያወቅነው ስካውቱ ስለነገረን ነው፤ ሌብነቱን ራሳችን አየን።

ፏፏቴው በጥቅምት ሻይ በወተት መስሎ ይወርዳል። ከጎኑ ባለው ገደል ጫፍ ላይ ሆነን ነው ልጄ ከአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ጀምሮ ይዞት የመጣውን ጥያቄ ያነሳው። እዚያ የድንቅነሽን አምሳል አይቶ ነበር። «ለምንድን ነው የጥንት ሰዎቹ ሁሉ አፋር የሚገኙት?»

አባዬ ወደ ወንዙ ጠቆመ። መልሱ እዚያው ነበር። ይህ ውሃ ከጊንጪ በኩል ከደጋ ተነሥቶ፣ በመልካ ቁንጥሬ፣ በቆቃ፣ በእኛው ወንጂና ሶደሬ አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል። ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስምጥ ሸለቆው እየሰመጠ፣ ወንዙና ሐይቆቹ ደለል እየከመሩ፣ የሞተውን ሁሉ ቀበሩት። እሳተ ገሞራ ደግሞ በየጊዜው አመዱን አለበሰው። በአመዱ ውስጥ ካሉት ማዕድናት ዕድሜው ይለካል፤ አጥንቱም በየትኞቹ ሁለት አመዶች መካከል እንደተገኘ ታይቶ ዘመኑ ይታወቃል። ቀጥሎ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ይሸረሽረዋል፣ አጥንቱ ብቅ ይላል። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974 ስትገኝ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ነበረች። ከእሷ ማዶ ዲኪካ ላይ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ሰላም የተባለችውን ቅሪተ አካል አገኙ። ሰላም የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረች። ትንሿ ልጄ ይህን ስትሰማ «እናቷስ?» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም።

ልጄ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይፈልግ ጀመር። ስካውቱ ሳቀበት። ቅሪተ አካል ቢገኝ እንኳ ማንሳት በሕግ ክልክል ነው፤ የተገኘበት አፈር ከሌለ ዕድሜውም የለም ብሎ አስረዳው። ከፓርኩ ድንጋይም እንዳያነሳ ጨመረለት። የጎሚስታው እሾህ ብቻ ተፈቀደ።

ሌሊቱን ወንዙ ዳር፣ በተፈቀደው የማደሪያ ቦታ አደርን። ጅብ ሲጮህ አባዬ ሚኒባሱን ከውስጥ ቆለፈ። ጠዋት አዋሽ ሰባት ወርደን አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን ቡፌ ደርሰን ቡና ጠጣን። አባዬ እዚያ በወጣትነቱ የበላውን ስፓጌቲ እስኪጨርስ ሲያወራልን ፀሐይ ከረረች።

ለመሄድ ለሚያስብ፦ በሙቀቱ ወራት አትሞክሩት። ስኮርታና ክሪክ ሳይኖራችሁ ከአዳማ አትውጡ። የመንገዱን ጸጥታ መተሐራ ያለ ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ። ውሃ ከምታስቡት በላይ ጫኑ።

ቀጣዩ ሐዳር ነው፤ ልጆቹ ወስነዋል። አባዬ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ ወይ ስፖንጁ ይቀየር፣ ወይ እሱ ብቻውን አልጋው ላይ ይተኛ። ባለቤቴ የስፖንጅ ዋጋ እየጠየቀ ነው።