እሑዷን አይታችሁ ምረጡ፦ ከጅማ ተነስቶ አንድ ወር ብቻን ለማረፍ

ለአንድ ወር ብቻውን ሊያርፍ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ከተማ የሚመርጠው በፎቶ ነው። ስህተቱም እዚያው ይጀምራል። ሐይቅ ዳር ያለችው የኦስትሪያዋ ሃልሽታት በፎቶ ስትታይ ጸጥታ ራሷ ትመስላለች። ነዋሪዎቿ 750 ገደማ ናቸው፤ በሙቀቱ ወራት ግን በአንድ ቀን እስከ 10,000 ጎብኚ ይጎርፍባታል። ከባጃጅ ጡሩምባ ሸሽቶ የሄደ ሰው የአስጎብኚ ባንዲራ ተከትሎ የሚተራመስ ሕዝብ መሃል ይገኛል።

ከፎቶ ይልቅ የከተማዋን እሑድ ተመልከቱ። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ እሑድ ሱቅ ይዘጋል፤ ሱፐርማርኬትም ጭምር። የሚከፈቱት ለጥቂት ሰዓት ዳቦ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉ ሱቆችና ነዳጅ ማደያዎች ናቸው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከሰፈሩ ሱቅ ዳቦና ሻይ ቅጠል መግዛት የለመደ የጅማ ሰው ይህን ሳያውቅ ቅዳሜ ማታ ከደረሰ፣ ሰኞ ጠዋትን በጉጉት ይጠብቃል። ስለዚህ ቤት ከመያዛችሁ በፊት ጉግል ማፕን ከፍታችሁ ከቤቱ ደጃፍ በእግር ለኩ፦ ሱፐርማርኬት፣ ፋርማሲ፣ ባቡር ጣቢያና ዛፍ ያለበት መናፈሻ ሁሉም በ15 ደቂቃ ውስጥ መሆን አለባቸው። ቀጥሎ የእሑድን የባቡር መርሐ ግብር እዩ። በቀን ሁለቴ ብቻ አውቶቡስ የሚያልፍበት መንደር ለባለ መኪና እንጂ ለእናንተ አይሆንም።

በጣም ትንሽ መንደር አልመክርም። ጸጥታ ፍለጋ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ብቸኝነት የሚከብደው በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን በሁለተኛው ነው፤ አዲስነቱ አልቆ፣ «ቡና ጠጡ» ብሎ የሚጠራ ጎረቤት እንደሌለ ሲገባችሁ። ከ20,000 እስከ 90,000 ሕዝብ ያላት፣ ሳምንታዊ ገበያ የሚቆምባትና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያላት ከተማ ትሻላለች። ከማንም ጋር ሳትነጋገሩ ሰው መሃል መቀመጥ የሚቻልበት ቦታ ራሱ መድኃኒት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የማስቀድመው የጀርመኗን ባድ ናውሃይምን ነው። «ባድ»ን በእንግሊዝኛ «መጥፎ» ብላችሁ አንብባችሁ አትደንግጡ፤ «ባድ» በጀርመንኛ መታጠቢያ ማለት ነው፣ ከተማዋም የፍልውሃ ከተማ ናት። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ወሊሶ ላይ የምታውቁት ዓይነት ነገር ነው፤ እዚህ ግን ከተማው በሙሉ በውሃው ዙሪያ ተሠርቷል። ሽፕሩደልሆፍ የሚባለው የመታጠቢያ ቤቶች ግቢ የተሠራው ከ1905 እስከ 1912 ነው። ከሁሉ የሚገርሙት ግን ግራዲርቬርክ የሚባሉት ረጃጅም የእንጨት ግድግዳዎች ናቸው። እሾሃማ ጭራሮ ተደርድሮባቸው የጨው ውሃ ከላይ ወደ ታች ይንጠባጠብባቸዋል። ሥራቸው ድሮ ውሃውን አትንኖ ጨው ማውጣት ነበር፤ ዛሬ ሰው ከግርጌያቸው ተቀምጦ ጨዋማውን እርጥብ አየር ይተነፍሳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ በረራ ትደርሳላችሁ፤ ከፍራንክፈርት ዋና ጣቢያ ደግሞ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፍራንክፈርት ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉባት እንጀራ ሲናፍቃችሁ ሩቅ አይደለም። እንዲህ ባሉ የጤና ከተሞች አከራዩ በየሌሊቱ ኩርታክሰ የሚባል ትንሽ ክፍያ ይጠይቃል። ሕጋዊ ነው፣ ማጭበርበር እንዳይመስላችሁ።

ለመጓጓዣ ዶይችላንድቲኬት የሚባለው ወርሃዊ ትኬት ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 63 ዩሮ ሲሆን በመላው ጀርመን የከተማና የክልል ባቡሮችንና አውቶቡሶችን ያካትታል፤ አይሲኢ የሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ግን አይሠራም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ትኬቱ በራሱ የሚታደስ ደንበኝነት ነው። እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ካልሰረዛችሁት የሚቀጥለውን ወርም ያስከፍላችኋል፤ የሚሠራውም በካሌንደር ወር ነው። አንድ ወር ሙሉ ለመጠቀም ከፈለጋችሁ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቆዩ።

ሁለተኛዋ የጣሊያኗ ሉካ ናት። አሮጌውን ከተማ የሚከበው ግንብ 4 ኪሎ ሜትር ከትንሽ ይሆናል፤ አናቱ ሰፊ፣ ሜዳማና ዛፍ የተተከለበት መንገድ ነው። ጠዋት አንድ ዙር መሄድ ለጉልበትም ለሐሳብም ይበቃል። ባቡር ጣቢያው ከግንቡ ውጭ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ፒሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ከሮም በባቡር ሲኬድ ፍሎረንስ ወይም ፒሳ ላይ መቀየር አለ። ጿሚ ከሆናችሁ ጣሊያን ይቀላችኋል፤ የአካባቢው የፋሮ እህልና የባቄላ ሾርባ ያለ ሥጋም ይሠራል፣ ሲታዘዝ ግን ቅቤና አይብ እንዳይገባበት መናገር ነው። ሁለት ወቅት ሽሹ፦ በጁላይ አደባባዩ ላይ የምሽት ኮንሰርት አለ፣ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ ደግሞ የኮሚክስ ፌስቲቫሉ ከተማውን ሰው በሰው ያደርገዋል፤ አልጋም አይገኝም። ግንቡ ውስጥ ያሉት አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ጠይቁ።

ከቪየና በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ የምትርቀው የኦስትሪያዋ ሽታየርም ልትታሰብ ትችላለች፤ ሁለት ወንዝ የሚገናኝባት፣ ጎብኚ ያልበዛባት ከተማ ናት። ኦስትሪያ ውስጥ በግል ቤት የሚያርፍ እንግዳ በሦስት ቀን ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ ለዚህም የአከራዩ ፊርማ ያስፈልጋል። ሆቴል ከሆነ ሆቴሉ ይጨርሰዋል።

ስለ ወቅት፦ ሜይና ሴፕቴምበር ምርጥ ናቸው። በሴፕቴምበር እንቁጣጣሽና መስቀል ከቤት ውጭ ማለፋቸውን ግን አስቡበት፤ ለአንዳንዱ ሰው ያ ብቻውን ዕረፍቱን ያበላሻል። ጅማ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ፍራንክፈርት ላይ በሜይ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በኛ አቆጣጠር ነው፤ በዲሴምበር ግን ገና 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። እንቅልፍ ፍለጋ ለሄደ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለሜይ የዓይን መሸፈኛ ያዙ፣ በዲሴምበር ደግሞ ለማረፍ ብላችሁ አትሂዱ።

አሁን ወደ ቪዛው። ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ጣሊያንን ጨምሮ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። በሌላ አገር 15 ቀን የሆነው የውሳኔ ጊዜ፣ የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን ሆኗል። ቀጠሮ መጠበቁን ስትጨምሩበት ከጅማ የሚነሳ ሰው ከ4 ወር በፊት መጀመር አለበት። ለጣት አሻራ ራሳችሁ አዲስ አበባ መቅረብ አለባችሁ፤ የሰጣችሁት አሻራ ግን ለ59 ወራት ያገለግላል። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ ይሁን። የምታመለክቱት ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው፤ አንድ ከተማ ላይ መቀመጥ ወረቀቱንም ያቀልላል። የመግቢያውም የመውጫውም ቀን ይቆጠራል፦ ሜይ 3 ገብቶ ጁን 1 የሚወጣ ሰው 29 ሌሊት አድሮ ከቪዛው 30 ቀን ተጠቅሟል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው መንገደኛ በሸንገን አውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ ብቻም የትራንዚት ቪዛ ስለሚጠየቅ ርካሽ ትኬት ስታዩ አውሮፕላን የሚቀየርበትን ቦታ አረጋግጡ።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ቤት ላይ ነው። ኤርቢኤንቢ የሚባለው የቤት ኪራይ ድረ ገጽ ላይ ከ28 ሌሊት ጀምሮ ብዙ አከራዮች የወር ቅናሽ ይሰጣሉ፤ 27 ሌሊት ከ28 ሊወደድ ይችላል። 28 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የመሰረዣው ደንብም ይከብዳል። ቪዛው 45 ቀን እየፈጀ ያልተረጋገጠ ጉዞ ላይ የማይመለስ ገንዘብ አትክፈሉ። እስከ መጨረሻው ሳምንት በነጻ የሚሰረዝ እውነተኛ ቦታ ይዛችሁ አመልክቱ፣ ቪዛው ሲወጣ ወደ ወር ኪራይ ቀይሩ፣ በድንበር ለሚጠይቃችሁም አዲሱን ማረጋገጫ አሳዩ።

ሻንጣ ውስጥ ሥጋና የወተት ውጤት ክልክል ነው። ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ ቢገኙባችሁ ይወረሳሉ። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም፤ ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቡናውን እዚሁ ጅማ አስቆልታችሁ፣ አስፈጭታችሁ በደንብ አሽጉት። ጀበናውን በሻንጣ መሃል በልብስ ጠቅልሉት፣ አንገቱ ላይ ቶሎ ይሰበራል። ቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካለው ጀበናው ሙቀቱን ቀስ ብሎ እንዲለምድ ከዝቅተኛው ጀምሩ። የኛ ሶኬትና የጀርመን ሶኬት ይገጥማሉ፤ ጣሊያን ግን ባለ ሁለት ቀጭን እግሩ መሰኪያ ይገባል፣ ወፍራሙ ብዙ ቦታ አይገባም።