ፋብሪካው ከቀባው ላይ መቀባት

ተቀብተው የሚሸጡ የፕላስቲክ ሚኒያቸሮችን (ትንንሽ የጨዋታ ምስሎችን) እንደገና ልቀባ የሚል ጀማሪ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጨነቀው የድሮውን ቀለም እንዴት እንደሚያስለቅቅ ነው። ማስለቀቅ አያስፈልግም። የፋብሪካው ቀለም ቢያስጠላም ፕላስቲኩን አጥብቆ ይዟል፤ እኛ የምንደርበውም የሚይዘው እሱን ነው። ማስለቀቂያው ራሱ ደግሞ አደጋ አለው፦ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ምስሎቹ የተሠሩበትን ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ፒቪሲን፣ ያሳብጠዋል፣ ያጣብቀዋል፤ ከቀለሙ ጋር የፊቱም ቅርጽ ይሄዳል። ስለዚህ አንድን ምስል ለመቀባት ሳነሳ መጀመሪያ የምወስነው ምኑ እንዳለ እንደሚቀር ነው። ካባው ደህና ከተቀባ ይቀራል፤ ጫማው ጥላ ብቻ ከጎደለው ጥላ ብቻ ይጨመርለታል። አዲስ ቀለም የሚገባው በእውነት ለተበላሸው ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው የሜጅ ናይት ጨዋታ፣ በ2002 ከተከተለው ሂሮክሊክስ ወይም በ2003 ከጀመሩት የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሚኒያቸሮች ይሁኑ፣ እነዚህ ምስሎች የሚመሳሰል ጠባይ አላቸው። ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ከመሰበር ይልቅ ይታጠፋል። ቀለሙ ጥቂት ዓይነት ነው፤ ወፈር ተደርጎ አንዴ ይቀባል፣ ጥላ የለውም፣ ያብረቀርቃል። የቀበቶው ቡናማ ሱሪው ላይ ይፈስሳል፤ ዓይኑ ቅንድቡ ላይ ያርፋል። ብዙዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ማን እንዳለ ሳይታወቅ ስለሚሸጡ አንዱ ተራ ወታደር ደጋግሞ ይወጣል። ለልምምድ ከእነዚህ ተደጋጋሚዎች የተሻለ የለም። ብርቅዬዎቹ ግን ይቆዩ፤ ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት ለፋብሪካው ቀለም ስለሆነ አንዴ ብሩሽ ከነካቸው ወዲያ እንደ ድሯቸው አይሸጡም።

ሥራው በእጥበት ይጀምራል። ከተቀረጸበት ሞልድ ሲወጣ የቀረ ቅባት ወይም የእጅ ወዝ ካለ ቀለሙ እየሸሸ ጠብታ ጠብታ ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅና ስርጉዱ ውስጥ ውሃ እንዳይቀር ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ።

የተጣመመ ጦርና ጎራዴ የሚቃናው ከመቀባቱ በፊት ነው፤ በኋላ ከሆነ አዲሱ ቀለም ይሰነጠቃል። ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውሃ ውስጥ ምስሉን በመቆንጠጫ ይዞ ግማሽ ደቂቃ ያህል መንከር ነው። ፕላስቲኩ ሲለሰልስ አንዳንዱ ከሞልድ ሲወጣ ወደነበረው ቅርጽ ራሱ ይመለሳል፤ ያልተመለሰውን በጣት አቅንቶ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ መክተት። ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ከተተወ ተመልሶ ይጣመማል። ሙቀቱ ምስሉን ከመቆሚያው ጋር ያያዘውን ማጣበቂያ ሊያላቅቅ እንደሚችልም ማወቅ ነው፤ ከላቀቀ በሱፐር ግሉ ይመለሳል።

የሞልዱ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ደግሞ አለ። ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል፤ ፒቪሲ ላይ ግን ሞረድ ጸጉር ጸጉር ያወጣበታል። አዲስ ምላጭ ያለው ከተር ይዞ፣ ምላጩን አጋድሞ፣ በስሱ መቁረጥ ነው መፍትሔው። እኔ መስመሩ ፊትን ወይም የጎራዴ ስለትን ካላቋረጠ አልነካውም።

ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው መነሻ፣ የሚያስፈልገው ፕላስቲኩ ራቁቱን ለወጣበት ቦታ ብቻ ነው፤ የተቆረጠ፣ የተላጠ፣ ፋብሪካው ያልቀባው። እዚህ ላይ ብዙ ምስል ይበላሻል። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ከአንዳንድ የስፕሬይ ፕራይመሮች ጋር አይስማማም፤ የተነፋው ለሳምንታት ሳይደርቅ ጣት ላይ እየተጣበቀ ይኖራል፣ አቧራም ይሰበስባል። የግድ ስፕሬይ ከሆነ የመቆሚያው ታች ላይ ነፍቶ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው በብሩሽ የሚቀባ የአክሬሊክ ፕራይመር ነው፤ በስሱ አንዴ ተቀብቶ 24 ሰዓት ይቆያል።

ለመጀመር ብዙ ቀለም አያስፈልግም። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የቆዳ ቡናማ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ የሰውነት ቀለምና ብርማ፤ በእነዚህ ላይ አንድ ቡናማ ዋሽ (በጣም የቀጠነ የጥላ ቀለም) እና አንድ ማት ቫርኒሽ (ሲደርቅ የማያብረቀርቅ ግልጽ መሸፈኛ)። ሁሉም በውሃ የሚቀጥን አክሬሊክ ይሁን። ብሩሽ ደግሞ ቁጥር 2 እና ቁጥር 0፣ ከእነሱ ጋር በኋላ ለምናየው የደረቅ ብሩሽ ዘዴ የሚሠዋ አንድ አሮጌ። ጀማሪ ገና ሲጀምር ሦስት ዜሮ የሆነችውን ጭራ የመሰለች ብሩሽ ይገዛል፤ እሷ ግን የምትይዘው ቀለም ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ለጥቃቅን ሥራ የሚጠቅመው የብሩሹ ጫፍ መሹለሉ ነው፤ ጫፉ የሾለ ቁጥር 2 ዓይንም ይቀባል። ቀለሙ ጸጉሩ ከብረቱ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ እንዲወጣ ከተፈቀደለት እዚያ ይደርቅና ጸጉሩን ይበታትነዋል። ውሃ ውስጥ በጫፉ ማቆምም ያጣምመዋል።

ቀለሙ ከጠርሙሱ በቀጥታ ምስሉ ላይ አይሄድም። ሁለት ጠብታ ቀለም ለአንድ ጠብታ ውሃ ጥሩ መነሻ ነው። መጠኑ መስተካከሉን የማየው የአውራ ጣቴ ቆዳ ላይ አንዴ አስኬጄ ነው፦ ቀለሙ ሸፍኖ የጣት መስመሮቹ አሁንም የሚታዩ ከሆነ ደርሷል፤ ከተደፈኑ ወፍሯል፤ በመስመሮቹ ውስጥ ራሱ የሚሮጥ ከሆነ ውሃው በዝቷል። ብሩሹ ከተነከረ በኋላ ትርፉ ሶፍት ላይ ይቀራል። የፋብሪካው ቀለም ራሱ ውፍረት ስላለው፣ በላዩ የሚደረበው ከወፈረ የአፍ መስመርና የጣቶች ክፍተት ይደፈናል። አንዱን ወፍራም በሁለት ስስ መተካት፣ በመሃል አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ የመሸፈን አቅማቸው ደካማ ነው፤ ቢጫን ጥቁር ላይ መቀባት አረንጓዴ የሚመስል ቆሻሻ ነገር ይሰጣል። ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ማስቀደም፣ ለነጭ ደግሞ ፈዛዛ ግራጫ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ዋሽ። ዋሽ በጣም የቀጠነ፣ ስርጉድ ፈልጎ የሚገባ ጠቆር ያለ ቀለም ነው፤ የልብስ እጥፋትን፣ የጡንቻ ክፍተትን፣ የሰንሰለት ቀለበትን ለይቶ ያወጣል። ተቀብቶ ለተገዛ ምስል ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ አንድ እርምጃ አላውቅም፤ ሌላ ምንም ሳይሠራ ዋሽና ማት ቫርኒሽ ብቻ ያገኘ ተራ ወታደር ከጓደኞቹ ተለይቶ ይታያል። ችግሩ የፋብሪካው ቀለም ማብረቅረቁ ነው። በሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ ዋሽ አይቀመጥም፣ ይንሸራተትና በጠብታ ይቋጠራል። ስለዚህ እንዳለ የሚቀረው ቦታ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ስስ ማት ቫርኒሽ ይቀባና ይደርቃል፤ ከዚያ ዋሹ ይይዛል። ጀማሪዎች ዋሹ ራሱ መጥፎ ነው ብለው የሚተዉት አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ስለዘለሏት ነው።

ዋሽ በቤት ከተሠራ ውሃ ብቻ አይበቃውም፤ ብዙ ውሃ ቀለሙን የሚያያይዘውን ነገር ይበታትነዋል፣ ሲደርቅም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለበት ይተዋል። ለአንድ ጠብታ ቀለም አራት ጠብታ ውሃና አራት ጠብታ ማት ሚዲየም (ቀለም የሌለው የአክሬሊክ ማቅጠኛ) ይሻላል። ከተቀባ በኋላ አገጭ ሥር ወይም ክርን ላይ የተጠራቀመውን ጠብታ እርጥብ በሆነ ንጹህ ብሩሽ መምጠጥ፣ ያውም ሳይደርቅ። ግማሽ ከደረቀ ግን እጅን መሰብሰብ ነው፤ ሲነካ ይቀደዳል፣ እድፍም ይሆናል። ሰውነት ላይ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ብረት ላይ ጥቁር፣ ነጭ ልብስ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ይስማማል። ነጭ ላይ ጥቁር ዋሽ ልብሱን ጭቃ ያስመስለዋል።

አንድ አረንጓዴ ጎብሊን እንውሰድ። ፋብሪካው ሰውነቱን በአንድ አረንጓዴ ቀብቶ ዓይኖቹ ላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ ጥሏል፤ አንዱ ነጥብ ጉንጩ ላይ ነው። አረንጓዴው ይቀራል። ማት ቫርኒሽ ይቀባና ሲደርቅ ጥቁር አረንጓዴ ዋሽ መላ ፊቱ ላይ ይሄዳል፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ ለፋብሪካው አረንጓዴ የቀረበ ቀለም ላይ ትንሽ ቢጫ ጨምሮ የአፍንጫ ጫፍ፣ የጉንጭ አጥንት፣ የቅንድብ አናት፣ የጆሮ ጠርዝ ብቻ ይነካል። ለማንጻት ነጭ መጨመር አረንጓዴውን ኖራ ያስመስለዋል፤ ቢጫ ግን ሕይወት ይሰጠዋል። ጉንጩ ላይ ያለችው ነጥብ በዚህችው ቀለም ትጠፋለች። ለዓይን መጀመሪያ ጉድጓዱ በጥቁር ቡናማ ይሞላል፤ በውስጡ ቀጭን የቢጫ ሰረዝ፣ ዙሪያው ትንሽ ጥቁር እንዲቀር ተደርጎ። የዓይን ብሌኑ ነጥብ ብቻ ከሆነ ምስሉ የደነገጠ ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች የምትደርስ ቀጭን ቁም መስመር ይሻላል፣ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን የሚያዩ። ከመስመር የወጣ ካለ በሰውነቱ ቀለም ይታረማል። እጅ ካልታዘዘ ዓይኑን ጨለማ አድርጎ መተው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሲታይ ከተንሸዋረረ ዓይን የጨለመ ይሻላል።

ደረቅ ብሩሽ ለጸጉር፣ ለሰንሰለት ጥሩርና ለድንጋይ ነው። ብሩሹን ቀለም ነክሮ ሶፍት ላይ አቧራ ያህል እስኪቀር መጥረግ፣ ከዚያ ጉብ ጉብ ያለውን ብቻ ጠራርጎ ማለፍ። ጥቁር ላይ ብርማ፣ ጥቁር ቡናማ ላይ የቆዳ ቡናማ። ብሩሹ እርጥብ ከሆነ መስመር መስመር ይሠራል።

መቆሚያው ችላ ይባላል፣ ግን ምስሉን ሙሉ የሚያስመስለው እሱ ነው። ጠርዙ በጥቁር ወይም በጥቁር ቡናማ ንጹህ ሆኖ ይቀባ፤ ላዩ ላይ ነጭ ኮላ ተቀብቶ ደቃቅ አሸዋ ይነስነስበት፣ ሲደርቅ ቡናማ ዋሽ፣ በመጨረሻ ፈዛዛ ደረቅ ብሩሽ። ሂሮክሊክስ ላይ ግን መጠንቀቅ ነው፦ መቆሚያው ውስጥ የሚሽከረከር የቁጥር ዲስክ አለው። አሸዋ፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ በቀጭኗ ክፍተት ከገባ ዲስኩ አይዞርም፣ ምስሉም ለጨዋታ አይሆንም። ክፍተቷንና ቁጥሮቹ የሚታዩበትን መስኮት በፕላስተር ሸፍኖ መሥራት፤ ወይም መቆሚያውን ጭራሽ አለመንካት።

መጨረሻ ላይ ማት ቫርኒሽ፣ በብሩሽ፣ ሁለት ስስ። ፒቪሲ ስለሚተጣጠፍ ቀለሙ ቀድሞ የሚላጠው ጦር ጫፍና ጎራዴ ላይ ነው፤ እዚያ ሦስተኛ መጨመር አይከፋም። ጠርሙሱ በደንብ ይናጥ። ማብረቅረቁን የሚያጠፋው ዱቄት ታች ስለሚዘቅጥ ሳይናጥ የተቀባ ቫርኒሽ ያብረቀርቃል፤ ታች የቀረው ወፍራሙ ደግሞ ስርጉድ ውስጥ ሲጠራቀም ነጭ ይሆናል። ነጭ ከሆነ በዚያ ቦታ ቀጭን ዋሽ እንደገና ማስገባት ብዙ ጊዜ ያድነዋል። 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሳጥን አይገባም፤ ሲገባም ከሌላ ምስል ጋር ሳይነካካ፣ ለየብቻው በሶፍት ተጠቅልሎ።