ቀጭኗ እህቴ እና 214

አባታችን ያረፈው ዘጌ ነው፤ 50 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቡና ሲለቅም ውሎ ማታ «ደረቴን» አለ፤ ሌሊቱን አላለፈም። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን። እኛም አልቅሰን ቀበርነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ ዴንቨር ለምርመራ ደም ሰጠሁ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤሌ፣ 200 አልፏል። ሐኪሟ ስለ ምግቤ ብዙም አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ስለ አባቴ ነው። ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጉበቱ ኮሌስትሮሉን ከደም ላይ በደንብ አያነሳም። ትርፉ ከልጅነት ጀምሮ የደም ቧንቧው ግድግዳ ላይ እየተጠራቀመ ያጠበዋል፤ የልቡ ቧንቧ ከተዘጋ ሰው እንደ አባታችን «ደረቴን» ብሎ በድንገት ሊሞት ይችላል። እስከዚያ ግን ብዙውን ጊዜ ሕመም የለው፣ ምልክት የለው። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ይህ አለበት። ከወላጅ አንዱ ካለበት ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

«ወንድም እህት አለህ?» አለችኝ።

ለገና ባሕር ዳር ስገባ ለእትዬ ነገርኳት። ወይ ፍንክች!

«አንተ ልጅ፣ እኔ ምን ሥጋ አለኝና ነው? ጾም አልገድፍ፣ ጮማ አልወድ። ይሄ የእናንተ የፈረንጅ አገር በሽታ ነው።»

እውነቷን ነው፣ ቀጭን ናት። ዘይቷም ኑግ ነው። ያንን ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ቤቷ አታስገባም። በዚህስ ልክ ናት፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው የሚረጋ ስብ ነው። እኔም ጣና ዳር ቆሮሶ ዓሣ ሲጠበስ ቀድሜ የማየው ዘይቱን ነው። በዘር ለመጣው ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው።

«እትዬ፣ አባባስ ቀጭን አልነበረም?» አልኳት።

ዝም አለች። በማግስቱ ላብራቶሪ ሄድን። ኤልዲኤሏ 214።

አሁን አቶርቫስታቲን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። በበቂ መጠን ሲወሰድ ኤልዲኤልን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ካቋረጡት ግን ተመልሶ ይወጣል። ቁጥሩ ሲወርድላት «ድኛለሁ» ብላ ልትተወው ነበር። በስልክ ተጨቃጨቅን፤ ደግነቱ ሐኪሟም አልለቀቃትም።

የቀሩት ልጆቿ ናቸው። ትልቁ 17 ዓመቱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያባርር የሚውል ጎረምሳ። «ጤነኛ ልጅ ለምን በመርፌ ይወጋል?» ትላለች። ሐኪሙ ልጆቹም ይታዩ ብሏል። ቅዳሜ ልትወስዳቸው ቃል ገብታልኛለች፤ ዓርብ ማታ እደውልላታለሁ።