አብረው ስለዋኙ አይዛመዱም፦ የውኃ ጥንዚዛዎችን የዘር ሐረግ ከነቅሪተ አካላቸው የሠራሁበት መንገድ

መጀመሪያ የለየሁት ማን ከማን ጋር እንደማይቆጠር ነው። ሃይድሮፊሊዴና ዲቲሲዴ የተባሉት ሁለት የጥንዚዛ ቤተሰቦች በአንድ ኩሬ ይገኛሉ፣ ላየ ሰው መንትያ ይመስላሉ። ሃይድሮፊሊዴ ግን እግሮቹን እያፈራረቀ ይቀዝፋል፣ አየር የሚስበውም በራሱ በኩል ነው። ዲቲሲዴ ሁለቱን የኋላ እግሮች በአንዴ ይገፋል፣ ለአየር የሚያወጣው የሆዱን ጫፍ ነው። ከጥንዚዛ ትልልቅ ወገኖች የመጀመሪያው ከፖሊፋጋ፣ ሁለተኛው ከአዴፋጋ ስለሆነ ሃይድሮፊሊዴን ለማነጻጸሪያ ብቻ ከውጭ አቆምኩት።

ከአዴፋጋ ትልልቆቹን ዲቲሲዴንና በውኃ ገጽ ላይ የሚሽከረከረውን ጂሪኒዴን፣ ከየብስም ካራቢዴን ማስገባት ቀላል ነው። የሚዘነጉት ትንንሾቹ ናቸው። አስፒዲቲዴ ሁለት ዝርያ ብቻ አለው፤ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌላው ቻይና። ሜሩዴ ከቬኔዝዌላ የተገኘ አንድ ዝርያ ነው። እነዚህ ሲቀሩ የቀሩት ቅርንጫፎች ይረዝማሉ፤ ረጃጅም ቅርንጫፎች ደግሞ ዝምድና ሳይኖራቸው እርስ በርስ ይሳባሉ።

ከቅሪተ አካል ዋናው ኮፕቶክላቫ የተባለው የጠፋ የውኃ ጥንዚዛ ነበር፤ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በይሺያን ድንጋይ ውስጥ ይገኛል፣ ዕድሜው 125 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንጋዩ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው የኋላ እግር መነሻ የሆነውን ኮክሳን ነው። በአዴፋጋ ኮክሳ ከደረት ጋር ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ ሲሆን የመጀመሪያውን የሚታይ የሆድ ክፍል ለሁለት ይከፍለዋል። የኮክሳው ሰያፍ መስመር ከላይ በሚወርድ ብርሃን አይታይም፤ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጎ ማዞር ነው። በብሩሽ ጫፍ 70 ፐርሰንት አልኮል ጠብ ማድረግም ልዩነቱን ያጎላል። ናሙናው በቆየ ቫርኒሽ ከተቀባ ግን አልኮሉ ሊያሟሟው ስለሚችል አስቀድሞ የስብስቡን ጠባቂ መጠየቅ ያሻል። ሲሰነጠቅ ለሁለት የተለያየውንም ድንጋይ፣ ሁለቱን ገጽ ፎቶ ማንሳት ግድ ነው፤ አንዱ ላይ የጠፋ ሌላው ላይ ይገኛል።

ትልቁ ስሕተቴ የእያንዳንዱን ጥንዚዛ የአካል ባሕርያት የምመዘግብበት ሠንጠረዥ ላይ ነበር። የተለጠጠ ቅልጥም፣ የመዋኛ ጸጉር፣ አጭር የመካከል እግር፣ ረጅም የፊት እግር፤ ለየብቻ ቆጠርኳቸው። ኮፕቶክላቫ እንደ ጂሪኒዴ ዓይኑ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ይህ ሲጨመር ከጂሪኒዴ አጠገብ ተለጥፎ መጣ። ነገሩ ግን አንዱን የመዋኘት ሥራ አራት ጊዜ መቁጠር ነበር። አብረው የሚሄዱትን አዋሕጄ ደግሜ ሳሠራው ቦታው ላላ። ከተሳሳተ እርግጠኝነት ያልተፈታ ሐረግ እመርጣለሁ።

ሌላው የጥያቄ ምልክትና የሰረዝ ጉዳይ ነው። ድንጋዩ ላይ ያልታየውን በጥያቄ ምልክት፣ የሌለ አካል ቅርጽን በሰረዝ እጽፋለሁ። ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እንደ ጎደለ መረጃ ያነባሉ፤ ልዩነቱ የሚጠቅመው ሠንጠረዡን ነገ ለሚያርም ሰው ነው። ስለዚህ አካሉ መኖሩን በአንድ ዓምድ፣ ቅርጹን በሌላ ዓምድ።

ሐረጉን በሚፈልገው ሚስተር ቤይስ በተባለ ፕሮግራም ሁለት ሩጫ፣ እያንዳንዱ አራት የፍለጋ ሰንሰለት፤ ከውጤቱ ገና ያልረጋውን የመጀመሪያውን 25 ፐርሰንት እጥላለሁ። በሁለቱ ሩጫዎች መካከል ያለው የቅርንጫፎች ድግግሞሽ አማካይ ልዩነት ከ0.01 በታች መውረዱ ብቻውን አያኮራም፤ የናሙና ብቃቱ (እርስ በርስ ያልተደጋገሙ ናሙናዎች ግምታዊ ብዛት) ለእያንዳንዱ መለኪያ ከ200 በላይ መሆን አለበት። የዝግመተ ለውጡን ፍጥነት የሚለካውን ሰዓት የሚመለከተው መለኪያ ብዙ ጊዜ እዚህ ቁጥር ላይ መጨረሻ ይደርሳል። ሠንጠረዡ የሚለዋወጡ ባሕርያትን ብቻ እንደያዘ ለፕሮግራሙ ካልተነገረው ቅርንጫፎቹን ያስረዝማል። ለቅሪተ አካሉም አንድ ቁርጥ ዓመት አልሰጥም፤ የድንጋዩን የዕድሜ ክልል ከላይ እስከ ታች አስገባለሁ።

ግማሽ አካሉ ብቻ የቀረ ናሙና ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ከተገኙት ዛፎች ሁሉ የሚወጣውን የጋራ ሐረግ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከአንድ ነጥብ ወደሚወጡበት ማበጠሪያ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ከሠንጠረዡ አላወጣውም፤ ፍለጋው ካለቀ በኋላ ከተገኙት ዛፎች ላይ እቆርጠውና የጋራውን እንደገና አሰላለሁ። ያለው ጥቂት መረጃ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል።